ከላይ ምን አለ?

ተራራ ልወጣ እንደምሄድ ለአጎቴ የነገርኩት ቀፎ ሲጠርብ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። ጊዜው ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር። መስቀል ካለፈ ወዲህ በሌላው አገር ሰማዩ ጠርቷል፤ ጌጫ ላይ ግን ዝናቡ ገና አልለቀቀንም።

“የትኛውን ተራራ?” አለኝ፣ መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ።

“ራስ ደጀንን፣ ጋሼ። ጎንደር ያለውን። ካገራችን ተራራ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።”

አንድ ሁለቴ ጠረበና ቆም አለ። “ከላይ ምን አለ?”

“አገር ይታያል።”

“ካየኸው በኋላስ?”

መልስ አጣሁ። ሊያሾፍብኝ ብሎ አልነበረም የጠየቀኝ። አጎቴ ዕድሜውን ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው፤ የሚወጣው ግን ዛፍ ነው፤ ዛፍ የሚወጣውም ማር ለመቁረጥ ነው። በልጅነቴ ቀፎው ወደ ተሰቀለበት የገተማ ዛፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲወጣ ከሥር ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ አይቼዋለሁ። እሱ ሲወጣ ከላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ሲወርድም ይዞት ይወርዳል። ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነበር፤ እኔም መንገዱን ሁሉ ተሸክሜው ሄድኩ።

ጌጫን ለማያውቅ ልንገር። ሸካ ዞን፣ አንድራቻ ወረዳ፣ ከማሻ ወደ ቴፒ ሲወረድ ነው ከተማችን ያለው። የሸካ ምድር ከ900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 2700 ሜትር ድረስ ይወጣል። ከታች በቴፒ በኩል ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙ ነው። ወደ እኛ ሲወጣ ቀረሮውና ዝግባው ይመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀርከሃ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ገበያ ሙሉ ሰው የሚያወራ የሚመስል ቀርከሃ። ይህ ሁሉ ዳገት ነው፣ ይህ ሁሉ ተራራ ነው። ነገር ግን ጫካው ከእግር እስከ ራሱ ስለሸፈነው ማንም “ተራራ” ብሎ አይጠራውም። “ጫካ” ነው የምንለው። ተራራው ላይ ሆነህ ተራራውን አታየውም፤ የምታየው ፊትህ ያለውን ግንድ፣ ከግንዱ ላይ የተንጠለጠለውን የዛፍ ሽበትና ከእሱ ኋላ ያለውን ጉም ነው።

ስለዚህ ተራራን ያወቅሁት በመጽሐፍ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት “የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ራስ ደጀን፣ ከባሕር ወለል በላይ 4620 ሜትር” ብለን በአንድ ድምፅ እየጮህን አጥንተናል። ካደግሁ በኋላ 4550 የሚል አነበብኩ፤ ሌላው ደግሞ 4533 ይላል። አንድ ተራራ በእኔ ዕድሜ ይህን ያህል ሲያጥር ማየት አሳዝኖኝ ነበር። ሄጄ ልየው የሚል ሐሳብ ውስጤ የቀረው ያኔ ይመስለኛል።

ሐሳቡን ሥራ ያደረገው ጓደኛዬ ነው። የጎንደር ልጅ ነው፤ ጌጫ ስድስት ዓመት አስተምሯል። ሲመጣ ጭቃችንን መርገጥ እንኳ የሚቸግረው ልጅ ነበር፤ ሲሄድ ቆጮ የሚናፍቅ ሆኖ ሄደ። ስልክ ደውሎ “ያንተን አገር ስድስት ዓመት አይቻለሁ፤ ያንተ ተራ ነው፤ ለኅዳር ና” አለኝ።

ዝግጅቴን የጀመርኩት በዝናብ ነው። ሌላ ምን ላስብ? የዝናብ ካፖርት ገዛሁ፣ ለሻንጣዬ የፕላስቲክ ሽፋን ገዛሁ፣ ክብሪቴን በላስቲክ ጠቀለልኩ። አክስቴ ደግሞ ክዳን ባለው ትንሽ ባልዲ ነጭ ማር ሞልታ ሰጠችኝ። የገተማ አበባ ማር ነው፤ ሲረጋ እንደ ቅቤ ይነጣል። “ብርድ ያለበት አገር ነው አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ላስ። የሰው ቤት ካደርክም ባዶ እጅህን አትግባ” አለችኝ። ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ ለቦታው የሚሆነው ይኸው ማር ብቻ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

በማሻ፣ በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። መርካቶ ጫማ ገዛሁ፤ ጠንካራ፣ ወፍራም ሶል ያለው፣ እግሬ ላይ ገና ያልተሟሸ። ከዚያ ዓባይን ተሻግሬ ጎንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ። ከቤቴ ደባርቅ ለመድረስ አምስት ቀን ፈጀብኝ። በአምስቱም ቀን በመስኮት የማየው ዛፍ እየቀነሰ፣ ሰማዩ እየሰፋ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ሰማይ ለለመደው ደስ ይላል፤ እኔን ግን ቤቱ ጣሪያውን የተገፈፈ ሰው አደረገኝ።

ደባርቅ ላይ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ትመዘገባለህ፣ የመግቢያ ትከፍላለህ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብልሃል፤ ያለ ስካውት መግባት የለም። ዕቃህን የሚጭን በቅሎና ባለ በቅሎ ትቀጥራለህ። ስንቅ ከገበያው ትሸምታለህ። የእኛ ስካውት ሽምግልና የጀመሩ ሰው ነበሩ፤ ጓደኛዬ “አባቴ” ይላቸዋል፣ እኔም ተከተልኩ። ባለ በቅሎው ደግሞ ጢም ያላወጣ ወጣት ነው፤ ባዶ እግሩን በኮንጎ ጫማ አድርጎ አለት ላይ እንደ ዋልያ ነው የሚረግጠው።

ሰንቀበር ያደርንበት የመጀመሪያው ቀን እንደ ቤቴ ነበር። 3200 ሜትር ላይ አስታው ገና ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ የኛው አገር ሽበት ተንጠልጥሏል። እጄን ግንዱ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ጓደኛዬ ምን ሆንክ አላለኝም፤ ጌጫ ኖሯልና ገብቶታል። በማግስቱ ጅንባር ወንዝ ወደ ገደሉ ሲወረወር አየን። ውሃው መሬት ሳይደርስ በአየር ላይ ይበተናል። ጭላዳዎቹ በመቶ ሆነው ሣር ይነጫሉ፤ በመካከላቸው ስታልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩህም። ከዚያ ወደ ጊጭ ስንወጣ አስታው አጠረ፣ አጠረና ጠፋ። የቀረው ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ነው፤ ጅብራው በሜዳው ላይ ተራርቆ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

ጊጭ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚያ ያየሁት እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ።

ሜዳው ላይ የገብስ እርሻ እርከን ይታያል፤ ገብስ ግን የለም። የቤት መሠረት ድንጋይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ቤት ግን የለም። ከ400 በላይ አባወራ እዚህ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ሆነ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያው ተመናምኗል፣ እርሻውና ግጦሹ ገደሉ አፍ ደርሷል ተብሎ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው፤ ጊጭ ከተለቀቀ በኋላ።

ስካውቱ አባት በጠመንጃቸው አፈሙዝ አንዱን የድንጋይ ክብ አሳዩኝ። “እኅቴ እዚህ ነበር የተዳረችው። አሁን ደባርቅ ናት፤ የቆርቆሮ ቤት አላት። ልጆቿ ይማራሉ” አሉኝ። ዝም ብዬ ጠበቅኋቸው። “ኅዳር ሲመጣ ግን እንቅልፍ የላትም። የገብሱ ሽታ ነው የሚቀሰቅሰኝ ትላለች። ገብስ የለም እኮ እዚያ።”

እሳቱንም ነገሩኝ። ከወራት በፊት፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ላይ ጓሳውና አስታው ሲቃጠል አገሬው ቅጠል ይዞ ሌሊት ከቀን ሲደበድበው ነበር፤ በኋላ ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። እኔ ስደርስ ክረምቱ አልፎበት ሣሩ መልሶ ለምልሟል። የአስታው ግንድ ግን እንደ ከሰል ጠቁሮ እንደቆመ ነው። “እሳቱን ለማጥፋት ቀድሞ የሮጠው ማን ይመስልሃል?” አሉኝ አባት። “ከዚህ የተነሣው ሰው ነው።”

ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ጌጫ ሄደ። እኛ አገር ጫካውን የጠበቀው ሰው ከውስጡ ሳይወጣ ነው። ኮቦ የሚባል አለ፤ ያ የጫካ ክፍል የአንድ ቤተሰብ የቀፎ መስቀያ ነው። ሌላ ሰው ቀፎ አይሰቅልበትም፤ ባለቤቱም ዛፉን አይነካውም፤ ዛፉን ከቆረጠ ማሩ የት ይሰቀላል? ጉዶ የሚባል አለ፤ አይታረስም፣ አይመነጠርም። ደዶ አለ፤ የጸሎት ቦታ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 የሸካን ደን በባዮስፌርነት ሲመዘግበው፣ ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ነው፣ አባቶቻችን ያስቀመጡትን አገኘ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። ይህን ስል ግን አገሬን ከሰሜን ተራሮች አስበልጬ መኩራቴ አይደለም። እኛም ዘንድ ጫካው ለሻይና ለቡና እርሻ ሲመነጠር አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ ጉሬዛ ስቆጥርበት የነበረው ዛፍ ዛሬ የለም። ዋልያም በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም፤ ቁጥሩም አንድ ሺህ አይሞላም። ግጦሹ ገደሉ አፍ ሲደርስ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። ግን ያንን የድንጋይ ክብ አይቶ ነገሩ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ እኔ አላምነውም።

የዚያን ሌሊት ብርዱ ያዘኝ። የዝናብ ካፖርቴ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል እንጂ አያሞቅም። ጠዋት ስነሣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቷል፤ የውሃ መያዣዬ አፉ ላይ በረዶ ሠርቷል። ከአምስት ቀን መንገድ ያመጣሁት የዝናብ ዕቃ አንድም ጠብታ አላገኘም። አባት ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። እንቢ ስላቸው “እኔ የለመድኩት ነው፤ አንተ እንግዳ ነህ” አሉ። ማሩን አወጣሁ። ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ በቢላ ቆርጠን በቂጣ በላነው። አባት አጣጣሙና “የላስታ ማር መሰለኝ” አሉ። ከርቀት አገር የመጣ ሰው ስጦታው በሰው አገር ሚዛን ሲመዘን ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያልደረሰበት አይገባውም።

ከጊጭ ወደ እሜት ጎጎ ነው የሄድነው። 3926 ሜትር፤ ምድር እዚያ ላይ ቆማ ከዚያ ወዲያ የለችም። ከሥር የቆላው አምባ ሁሉ፣ አንዱ ጥርስ፣ አንዱ ጣት፣ አንዱ የፈረሰ ግንብ መስሎ እስከ ዓይን መጨረሻ ተበትኗል። አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሣ ከእኛ በታች ይንሳፈፋል። ወፍን ከጀርባዋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለአጎቴ የሚሆን መልስ ያገኘሁ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ራሴን ማመም የጀመረኝ ከዚያ ወደ ቸነቅ ስንሄድ እናትዬ ላይ ነው። እናትዬ 4070 ሜትር ነው። መጀመሪያ ከዓይኔ ኋላ ትንሽ ነገር ተነካች፤ ከዚያ እንደ ሙቀጫ መውቀጥ ጀመረ። ምግብ አስጠላኝ። ጓደኛዬ “እንዴት ነህ?” ሲለኝ “ደኅና ነኝ” አልኩ። አባትም ጠየቁኝ፤ ለሳቸውም ደኅና ነኝ አልኩ። ጥፋቱ ሁሉ ከዚህች ቃል ተነሣ። ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ካለፍክ በኋላ አየሩ ይሳሳል፤ ሰውነትህ እስኪለምደው ድረስ በቀን ብዙ ከፍታ መጨመር የለብህም፤ ራስህን ካመመህና ካስመለሰህ ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ይህን አንብቤ ሄጃለሁ። ነገር ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ጓደኛዬ ለእኔ ብሎ ሥራውን ትቶ፣ “አሞኛል” ማለት እንደ ክህደት ሆነብኝ። አሁን ሳስበው ክህደቱ ዝም ማለቴ ነበር፤ ከእኔ ጋር የሚሄዱት ሰዎች ስለ እኔ እውነቱን ማወቅ ነበረባቸው።

ቸነቅ ላይ ዋልያዎቹን አየን፤ ሰባት ናቸው። ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ የታጠፈው አውራ በገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ጀምበሯ ስትጠልቅ ያያል። ራሴን እያመመኝ እንኳ ሲቃ ያዘኝ።

በአራተኛው ቀን የቧሂትን ማለፊያ ወጣን፤ 4200 ሜትር ያህል ነው። የቧሂት ጫፍ 4430 ሜትር ነው። ጓደኛዬ ጫፉን ሊወጣ ፈለገ፤ እኔ ስንመለስ እንወጣዋለን አልኩና አስቀረሁት። ከማለፊያው በጭሮ ለባ አድርገን ወደ መሸሐ ወንዝ ወረድን። ከ4200 ወደ 2800፣ በአንድ ቀን። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፤ እግሬ ግን ተራውን ያዘ። አዲሱ ጫማ ቁልቁለቱ ላይ ጣቶቼን እየገፋ የሁለቱን አውራ ጣቶች ጥፍር አጠቆረው። መሸሐ ስንደርስ ጫማዬን አውልቄ ውሃ ውስጥ ስነክር ውሃው ቀላ። ባለ በቅሎው ልጅ አየኝና ምንም ሳይል ከበቅሎዋ ጭነት ተጨማሪ ኮንጎ ጫማ አውጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። በሱፍ ካልሲ ላይ አደረግሁት። ራስ ደጀንን የወጣሁት በዚያ ጫማ ነው።

አምቢቆ መንደር ያደርነው በሰው ቤት ነው። ድንጋይ ቤት፣ መካከሉ ላይ እሳት፣ በአንድ ጎን በጎች። የቤቱ እመቤት የገብስ እንጀራና ቆሎ አቀረቡልን፤ ጠላም ቀዱ። እኔም አክስቴ እንዳለችው ባልዲውን አወጣሁና ለእመቤቲቱ ሰጠሁ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ለልጆቻቸው በጣት በጣት አቀመሱና “ከየት ነው?” አሉኝ። ከጌጫ፣ ከሸካ አልኩ። ስሙን አያውቁትም። “ጫካ ነው? ዛፉ ብዙ ነው?” አሉ። “ሰማዩ አይታይም እማማ፤ ቀን ለቀን እየሄዱ ፀሐይ ሳይነካዎ መዋል ይቻላል” አልኳቸው። ትንሿ ልጅ እናቷ ቀሚስ ሥር ገብታ “ታዲያ ሰው እንዴት አይጠፋም?” አለች። ይህችንም ጥያቄ ከአጎቴ ጥያቄ ጎን አስቀመጥኳት።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣን። ከአምቢቆ እስከ ጫፉ ከ1300 ሜትር በላይ ከፍታ አለ፤ በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ነው። ኮከቡ እጅግ ብዙ ነበር። ሲነጋ ራስ ምታቱ ተመለሰ፤ አሁን ከማቅለሽለሽ ጋር። ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ እያልኩ ወጣሁ። ረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ድንጋይ ሥር ተንበርክኬ አስመለሰኝ። ያኔ መደበቅ አልተቻለም።

አባት ፊቴን አዩ። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከእናትዬ ጀምሮ፣ አባቴ።”

አልተቆጡኝም፤ ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወደ ጓደኛዬ ዞረው “ልጁ ይወርዳል” አሉ። ጫፉ ከፊታችን ነው፤ በእጅ ድንጋይ እየያዙ የሚወጣ ጥቂት አለት ብቻ ቀርቷል። ለመንኳቸው። እዚያች ድረስ ብቻ፣ ነክቼ እመለሳለሁ አልኩ። አባት አለቱን አዩ፣ እኔን አዩ፤ “ነክተህ ብቻ” አሉ።

ወጣን። እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የድንጋዩን ቅዝቃዜና የራሴን ትንፋሽ ነው። ላይ ስደርስ ጓደኛዬ አቀፈኝ። እ.ኤ.አ. በ1841 ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች፣ ፌሬና ጋሊኒዬ፣ ወጥተውት ጽፈው እንደሄዱ አውርቶልኝ ነበር፤ የአገሬው እረኛ ከነሱ በፊት ስንቴ እንደወጣው ግን የጻፈለት የለም። እዚያው እንደቆምን ከቆላው የተነሣ ጉም ገደሉን ተሳቦ መጣና ዋጠን። ክንዴን ዘርግቼ ጣቴን የማላይበት ጉም ነው።

እኔ ጉም አውቃለሁ፤ ጉም ውስጥ ነው ያደግሁት። እኛ አገር ጉም ሲወርድ የምታውቀውን ግንድ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ከዝግባ ወደ ቀረሮ፣ ከቀረሮ ወደ ቀርከሃ፣ እጅህ መንገዱን ያውቀዋል። ለዚያች ልጅ መመለስ የነበረብኝ መልስ ይህ ነው፤ ጫካ ውስጥ ሰው የማይጠፋው የሚይዘው ነገር ስላለ ነው። እዚህ ግን የሚያዝ የለም። ዙሪያዬን በእጄ ዳሰስኩ፤ የማገኘው አየር ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ። ከሕይወቴ ፍርሃት ሁሉ የዚያን ያህል ንጹሕ ፍርሃት አላስታውስም። ተቀመጥኩና አለቱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ጉሙ ለአፍታ ተቀደደ። በተቀደደው በኩል፣ ከእኛ ወዲያ፣ ሌላ ጫፍ ቆሟል። ከእኛ የሚበልጥ ይመስላል።

“ያኛው ነው!” አለ ጓደኛዬ።

“ይኸኛው ነው፤ እዚያ ቢሆኑ ደግሞ ይሄ የሚበልጥ ይመስልዎታል፤ ዓይን ነው የሚያታልለው” አለ ባለ በቅሎው ልጅ። አባት አላወሩም። ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ፤ ከፍታ የሚለካ ነገር ጭኖበታል። ብርዱ ባትሪውን ጨርሶት ኖሮ ጨለመ። ሄዶ ሊያየው ተነሣ። ልጁ ተከተለው። ጉሙ ተመልሶ ዘጋ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተሰማና ጠፋ። እኔና አባት ቀረን።

እንግዲህ እዚያ አለት ላይ፣ የጋቢያቸውን ግማሽ ለብሼ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። መውረድ ነበረብን፤ ባልንጀሮቻችንን ጥለን መውረድ ግን አልሆነልንም። አባት በየጥቂቱ ያፏጫሉ፤ መልስ የለም። እኔ በልቤ ቁጥር እቆጥራለሁ፤ 4620፣ 4550፣ 4533። የትኛው ላይ ነው የተቀመጥኩት? ለዚህ ቁጥር ብዬ ነው ጓደኛዬን ጉም ውስጥ የሰደድኩት? ሁለቱም በሕይወት ይምጡልኝ እንጂ ጫፉ የትም ይሁን አልኩ፤ ይህንንም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አባት “አሜን” አሉ።

ፉጨት ከሥራችን ተሰማ። ያን ጫፍ ሳያገኙት መንገዱን ስተው ወርደው፣ ልጁ በኮቴ ዱካ መልሷቸዋል። ጓደኛዬ ጉልበቱ ላይ ቆስሏል። ተቃቀፍን፤ ማንም ስለ ጫፍ አላነሣም። ለአባት ግን እጅ ነሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። “ሁለተኛ ሲያምህ ተናገር” ብቻ አሉኝ። በደገፉኝ ክንዳቸው እስከ አምቢቆ ወረድኩ፤ በወረድን ቁጥር ራሴ እየቀለለ መጣ። ስንመለስ ቧሂትን አልወጣነውም።

ጌጫ ስገባ ኅዳር ሊያልቅ ነበር። አጎቴ ያን ቀፎ ጨርሶ ሐረግ ጠምጥሞበታል። “ከላይ ምን አለ?” ብሎ አልጠየቀኝም፤ ጥፍሬን ግን አየው። በሳምንቱ “ና ቀፎ እንሰቅላለን” ብሎ ወሰደኝ። ከኮቦው አልፈን፣ ቀፎውን ሰቅለን፣ ሥራችን አልቆ ሳለ ወደ ላይ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ተከተልኩ። ቀርከሃው ተጀመረ፤ ጉሙም ወረደ። እጄን ከግንድ ወደ ግንድ እያሳለፍኩ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከቤታችን ጓሮ የማየው፣ አንድ ቀንም ያልወጣሁት ኮረብታ ነው።

አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ሲደርስ አጎቴ ቆመና ተቀመጠ። ቆጮውን ከኮባው ፈትቶ በመካከላችን ዘረጋ።

“ጋሼ፣ ጫፉ ሩቅ ነው?”

“ቅርብ ነው።”

“አንሄድም?”

“ከዚህ በላይ ጉዶ ነው” አለኝ፣ ቆጮውን እየቆረሰ። “ብላ።”

በላሁ። ከላያችን ቅጠሉ ላይ ዝናቡ መጣል ጀምሯል፤ ድምፁ ይሰማል፤ ጠብታው ግን ገና እኛ ጋ አልደረሰም።